ቲውክስበሪ፦ ውሃ የከበባትና ውሃ ያቆያት ከተማ

በጁላይ 2007 ከአየር ላይ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ በብዙ አገሮች ጋዜጦች ላይ ታትሞ ነበር። ዙሪያውን ቡናማ ውሃ ተንጣሎ ይታያል። መንገዱ፣ አጥሩ፣ የእርሻ ማሳው ሁሉ ተውጧል። መሐል ላይ አንድ ግዙፍ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ከነዛፎቹ እንደ ደሴት ቆሟል። ቦታው በምዕራብ እንግሊዝ፣ በግሎስተርሸር አውራጃ የምትገኘው ትንሿ ከተማ ቲውክስበሪ ናት። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፎቶግራፉን ያየ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ሰው ለምን እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ከተማ ይቆረቁራል? ቆርቁሮስ እንዴት ዘጠኝ መቶ ዓመት ሙሉ ሳይለቅ ይኖራል?

የእንግሊዝን ገጠር ሊጎበኝ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ ላዩን አይቶ ይመለሳል። ጥቁር እንጨት የሚታይባቸው ነጫጭ ቤቶች፣ ጠባብ መንገድ፣ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን፣ ሻይና ኬክ፣ ከዚያም ወደ መኪና። ቲውክስበሪም በዚህ መንገድ በሁለት ሰዓት ታይታ ታልቃለች። እንዲህ ስትታይ ግን ይቆጨኛል። የመንገዶቿ ቅርጽ፣ የቤቶቿ ጥበት፣ የቤተ ክርስቲያኗ ድንጋይ፣ በደጃፏ የተደረገው ጦርነት፣ ሁሉም ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው። ምንጩ ውሃው ነው። እርሱን ያወቀ ጎብኚ ከተማዋን እንደ መጽሐፍ ያነባታል።

ሁለቱ ወንዞች

ሴቨርን የብሪታንያ ረጅሙ ወንዝ ነው። ከዌልስ ተራሮች ተነሥቶ 354 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በብሪስቶል ሰርጥ ወደ ባሕር ይገባል። ኤቮን ደግሞ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከመካከለኛው እንግሊዝ ዝቅተኛ ምድር ውሃ እየሰበሰበ ይመጣል፤ የሼክስፒር የትውልድ ከተማ ስትራትፎርድ ያለችው በዚሁ ወንዝ ዳር ነው። ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙት ቲውክስበሪ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሊያምታታው የሚችል ነገር አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩባት የባዝ ከተማም በኤቮን ወንዝ ዳር ናት። ያ ኤቮን ግን ሌላ ወንዝ ነው፤ በብሪስቶል በኩል ወደ ባሕር ይወርዳል እንጂ ቲውክስበሪን አያውቃትም። «ኤቮን» በጥንታዊው የብሪታንያ ሕዝብ ቋንቋ ወንዝ ማለት ስለሆነ በዚህ ስም የሚጠሩ ወንዞች ከአንድ በላይ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ኖረውበት በ1958 ለባዝ ከተማ አረጋውያን የሰጡትን ፌርፊልድ ቤት አይቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው፣ ቲውክስበሪን አለፍ ሲል ሞልቨርንን ያገኛል። በሞልቨርንም ንጉሠ ነገሥቱ በስደቱ ዘመን እየሄዱ ያርፉ ነበር፤ የልጅ ልጆቻቸውም እዚያ ትምህርት ቤት ገብተዋል። ስለዚህ የስደቱን ዘመን ፈለግ ለሚከተል ሰው ቲውክስበሪ ከመንገዱ የራቀች አይደለችም።

ወደ ውሃው ልመለስ። ከሁለቱ ትልልቅ ወንዞች ሌላ ስዊልጌት የሚባል ትንሽ ጅረት በቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ዞሮ ያልፋል። ሚል ኤቮን የሚባለው ደግሞ የገዳሙን ወፍጮ እንዲያዞር በሰው እጅ የተቆፈረ የኤቮን ቅርንጫፍ ነው። አሮጌው ከተማ በእነዚህ ውሃዎች መካከል ከፍ ባለች ጠባብ መሬት ላይ ተቀምጧል። ከፍታውን በዓይን ለመለየት ያስቸግራል፤ በእግር ለሚሄድ ሰው ቁልቁለት መሆኑ እንኳን አይሰማውም። ውሃ ሲመጣ ግን ያቺ ትንሽ ከፍታ በደረቅ ወለልና በራሰ ወለል መካከል ያለች ልዩነት ናት። የጥንቶቹ ሰዎች ቦታውን የመረጡት አስተውለው ነው።

በሚል ኤቮንና በሴቨርን መካከል ሴቨርን ሃም የሚባል ሰባ ሄክታር ያህል የሆነ ለጥ ያለ መስክ አለ። «ሃም» በጥንቱ እንግሊዝኛ ውሃ የከበበው መሬት ማለት ነው። በመስኩ ላይ ቤት አይሠራም። በበጋ ሣሩ ያድግና ድርቆሽ ይታጨዳል፤ ከአጨዳው በኋላ ደግሞ የግጦሽ መብት ያላቸው ሰዎች ከብቶቻቸውን ያሰማራሉ። ይህ ሥርዓት ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የመጣ ነው። በክረምት፣ ማለትም በአውሮፓ የብርድ ወራት፣ ወንዞቹ ሲሞሉ መስኩ ሐይቅ ይሆናል። ጎርፉ ደለል ያመጣል፣ ደለሉ ሣሩን ያፋፋዋል፣ ማዳበሪያ ሳይጨመርበት መስኩ በየዓመቱ ይለመልማል። ዛሬ በሕግ የተጠበቀ የተፈጥሮ ስፍራ ነው። መጀመሪያ ሳየው ባዶ ሜዳ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን የከተማዋ ዋነኛ መከላከያ እርሱ እንደሆነ አውቃለሁ፦ ወንዙ ሲሞላ ውሃው ሄዶ የሚተኛበት ቦታ ነው።

ጎርፉ እንዴት ይመጣል

ብዙ ሰው ጎርፍ ሲባል በአንድ ሌሊት ወርዶ ሁሉን ጠራርጎ የሚሄድ ደራሽ ውሃ ይታየዋል። የቲውክስበሪ ጎርፍ በአብዛኛው እንዲያ አይደለም። ሲመጣም ሲሄድም ቀስ ይላል። ዝናቡ ዌልስ ተራሮች ላይ ይዘንባል፤ ውሃው ሽሩዝበሪን፣ ቢውድሊን፣ ዉስተርን እያለፈ ቲውክስበሪ የሚደርሰው ከቀናት በኋላ ነው። በላይኛው ወንዝ ያሉት ከተሞች እንደ ቃፊር ናቸው። ሽሩዝበሪ ላይ ወንዙ ሞላ ሲባል የቲውክስበሪ ነዋሪ ምንጣፉን ይጠቀልላል፣ መኪናውን ከፍ ወዳለ ቦታ ይወስዳል።

ከባዱ ነገር የሁለቱ ወንዞች መገናኘት ነው። በአንድ በር ብዙ ሰው ሲወጣ ከጎን የሚመጣው ቆሞ ይጠብቃል። ሴቨርን ሲሞላም ኤቮን መግቢያ ያጣል፤ ውሃው ወደ ፊት መሄድ ሲያቅተው ወደ ኋላ ይቆለላል። ኤቮን ሲቆም ደግሞ ወደ ኤቮን የሚገቡት ጅረቶች ይቆማሉ፤ ከጅረቶቹ ቀጥሎ የከተማው የዝናብ ውሃ መውረጃ ቱቦዎች ይቆማሉ። ስለዚህ ከተማዋ ላይ ጠብታ ሳይዘንብ፣ ፀሐይ ወጥታ ሳለ፣ ውሃ ከመሬት ሥር በቱቦ ተመልሶ ወደ መንገድ ሊወጣ ይችላል። ይህን ያላወቀ ጎብኚ ጥርት ባለ ሰማይ ሥር የተዘጋ መንገድ አይቶ ግራ ይጋባል።

ባሕሩም የራሱ ድርሻ አለው። የብሪስቶል ሰርጥ ማዕበል ሲሞላና ሲጎድል ያለው የከፍታ ልዩነት በዓለም ላይ ከሚታወቁት ትልልቆቹ አንዱ ነው። ኃይለኛ ሙላት በሚሆንባቸው ቀናት የባሕሩ ውሃ በሴቨርን አፍ ገብቶ፣ በግሎስተር ያሉትን የውሃ መገደቢያዎች ተሻግሮ፣ እስከ ቲውክስበሪ አጠገብ ይገፋል። ሙላቱ ከወንዙ ጎርፍ ጋር ከገጠመ ቁልቁል የሚወርደው ውሃ ፍጥነቱ ይቀንሳል።

አንዳንድ ዓመት ደግሞ መንስኤው ሌላ ነው። በማርች 1947 የደረሰው ታላቅ ጎርፍ የመጣው ከበረዶ ነበር። ክረምቱ እጅግ ከባድ ስለነበር መሬቱ በውርጭ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ነበር፤ በረዶው በድንገት ሲቀልጥ አፈሩ ውሃውን ሊመጥ አልቻለም፣ ሁሉም ወደ ወንዝ ወረደ። የ2007ቱ ደግሞ ከሁሉም የተለየ ነበር።

ያ ጁላይ

ከሜይ እስከ ጁላይ 2007 ያሉት ሦስት ወራት በእንግሊዝና በዌልስ መዝገብ መያዝ ከተጀመረበት ከ1766 ወዲህ ከታዩት ተመሳሳይ ወራት ሁሉ ይልቅ ዝናባማ ነበሩ። መሬቱ ጠጥቶ ጠግቧል። ዓርብ ጁላይ 20 ቀን በአካባቢው አንዳንድ ቦታዎች በአንድ ቀን ከ100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ዘነበ። በዚህ ጊዜ ቃፊር የሚሆን ከተማ አልነበረም፤ ዝናቡ የወረደው እዚያው ደጃፍ ላይ ነው። መጀመሪያ የሞሉት ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥራቸው ትንንሽ ጅረቶች ናቸው። መንገዶች ተቋረጡ፤ በአቅራቢያው በሚያልፈው ትልቁ የኤም 5 አውራ ጎዳና ላይ ብዙ ሰዎች በመኪናቸው ውስጥ አደሩ። ከዚያ፣ የመጀመሪያው ውሃ ገና ሳይጎድል፣ ሁለቱ ወንዞች ሞልተው ደረሱ። ቲውክስበሪ ከየአቅጣጫው ተቆረጠች። ሦስት ሰዎች ሞቱ። ውሃው ከ1760 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የታላቁን ቤተ ክርስቲያን ደፍ አልፎ ገባ።

እሑድ ዕለት የባሰ መጣ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ በሴቨርን ዳር፣ ማይዝ የሚባል የመጠጥ ውሃ ማጣሪያ ጣቢያ አለ። ጣቢያው በጎርፍ ተጥለቀለቀና ሥራ አቆመ። በግሎስተርሸር 350,000 ያህል ሰዎች የቧንቧ ውሃ አጡ፤ ችግሩ እስከ 17 ቀን ቆየ። በውሃ የተከበቡ ሰዎች የታሸገ ውሃ ለመቀበል ተሰለፉ፤ በየመንደሩ ውሃ የጫኑ ታንከሮች ቆሙ። ስለ ጎርፍ ስናስብ የምንፈራው ወደ ቤት የሚገባውን ውሃ ነው። የቲውክስበሪ ታሪክ የሚያሳየው ሌላም አለ፦ ጎርፍ አንድ የውሃ ማጣሪያ ሲያቆም ጎርፉን በዓይኑ ያላየው ሰው ሁሉ ይጠማል።

ከዚያ በኋላ መንግሥት ሰር ማይክል ፒት የተባሉ ሰው የመሩት ጥናት አስደረገ፤ ሪፖርቱ በ2008 ወጣ። ዋናው ጉድለት ቀላል ሆኖ ተገኘ፦ ትልቁን ወንዝ የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት ነበር፤ ከመንገድና ከሜዳ ላይ የሚንደረደረውን የዝናብ ውሃ ግን አጠቃሎ የሚመለከት አካል አልነበረም። በ2010 የወጣው የጎርፍና የውሃ አስተዳደር ሕግ ይህን ኃላፊነት ለአካባቢ አስተዳደሮች ሰጠ። ሕጉ ደረቅ ነገር ቢመስልም ከዚያ ሳምንት መከራ የተወለደ ነው።

«ታዲያ ለምን ግንብ አይሠሩም?» የሚል ይኖራል። በላይኛው ሴቨርን ቢውድሊ ጎርፍ ሲመጣ የሚተከልና ሲሄድ የሚነቀል የብረት መከላከያ አላት፤ አፕተን የምትባለው ትንሽ ከተማም ቋሚ ግንብ በ2012 ተጠናቆላታል። እነዚህ ከተሞች ውሃው የሚመጣባቸው በዋናነት ከአንድ ወገን ነው። ቲውክስበሪን ግን ውሃ በየአቅጣጫው ያገኛታል፤ ግንብ ይሠራ ቢባል ከተማዋን እንደ ቀለበት መዞር አለበት፤ ቢዞርም ከቱቦ ሥር የሚወጣውን አይከለክልም። ሴቨርን ሃምን በግድብ መዝጋት ደግሞ እዚያ ይተኛ የነበረውን ውሃ ወደ ሌላ ሰው ቤት መላክ ነው። በእኔ እምነት እዚህ ላይ ሊጠበቅ የሚገባው ትልቁ ነገር መስኩ ነው። በዙሪያዋ ባሉ ዝቅተኛ መሬቶች ላይ አዳዲስ ቤት ይሠራ አይሠራ የሚለው ክርክርም እስከ ዛሬ አልበረደም፤ ያን ፎቶግራፍ ያየ ሰው ክርክሩ ለምን እንደማይበርድ ይገባዋል።

ጥበት የወለደው መንገድ

አሁን ወደ ከተማው እንግባ። ሃይ ስትሪት፣ ቸርች ስትሪትና ባርተን ስትሪት የሚባሉ ሦስት መንገዶች ብቻ ናቸው፤ መስቀለኛው ላይ ይገናኛሉ። ከተማዋ ከእነዚህ ሦስት መንገዶች ብዙ ያልሰፋችው ደረቅ መሬት ስላለቀባት ነው። የሕዝቡ ቁጥር ሲጨምር ሰው ወደ ጎን መስፋት አልቻለም፤ ስለዚህ ከቤቱ ጀርባ ባለው ጓሮ ላይ ሌላ ቤት ሠራ፣ ከዚያም ጀርባ ሌላ። ወደ ጓሮ ቤቶቹ ለመግባት በፊት ለፊቱ ቤት ሥር ወይም ጎን ጠባብ መተላለፊያ ተተወ። እንዲህ ያሉ መተላለፊያዎች በአንድ ዘመን ዘጠና ያህል ነበሩ፤ ዛሬ ሠላሳ ያህሉ ቀርተዋል። አንዳንዶቹ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን አያሳልፉም። ዛሬ የሚያምሩ ይመስላሉ። ካልሲ እየሠሩ ይተዳደሩ የነበሩ ድሆች በታጨቁባቸው ዘመን ግን ብርሃንና ንጹሕ ውሃ የማይገኝባቸው ነበሩ፤ በ1832 ኮሌራ ወደ ከተማዋ ሲገባ መጠጊያ ያገኘው እንዲህ ባለው መጨናነቅ ውስጥ ነው።

ከመተላለፊያዎቹ አንዱን ይዞ የገባ ሰው በ1400ዎቹ መጨረሻ እንደ መኖሪያ ቤት ተሠርቶ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ጸሎት ቤት የተለወጠ አሮጌ የባፕቲስት ቤት ያገኛል። ከአውራው መንገድ አይታይም። በእንግሊዝ ካሉት ጥንታዊ የባፕቲስት ጸሎት ቤቶች አንዱ ነው። ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ውጭ መጸለይ በሚያስቀጣበት ዘመን ከዓይን የራቀ ቦታ ምን ማለት እንደሆነ ለማሰብ እዚያ ጓሮ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ መቆም ይበቃል።

ስለ ቤቶቹ አሠራር ልንገራችሁ፤ ይህን ከሌላ ጎብኚ ይልቅ እኛ ቶሎ እንረዳዋለን። ጥቁር እንጨትና ነጭ ግድግዳ ያላቸው እነዚያ ቤቶች የጭቃ ቤቶች ናቸው። ወፍራም የኦክ እንጨት ቋሚና አግዳሚ ተደርጎ ይገጣጠማል፤ በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እንደ ማገር ይጠላለፋል፤ በላዩ ጭድና እበት የተቀላቀለበት ጭቃ ይመረጋል፤ ከዚያ በኖራ ይለሰናል። ቤት ሲመረግ ያየ ሰው ይህን ሥራ በሚገባ ያውቀዋል። ልዩነቱ የእንጨቱ ውፍረትና ፎቁ ነው፦ ሁለተኛው ፎቅ ከመጀመሪያው ወጣ ብሎ በመንገዱ ላይ ያጋድላል፤ መሬት በጠበበበት ከተማ ይህ ጥቂት ክንድ ወለል ይጨምራል።

የዚህ አሠራር ጥቅም በጎርፍ ጊዜ ይታያል። የኖራ ልስን ውሃ ቢጠጣም ይተነፍሳል፤ አየር እያገኘ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ይድናል። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት የጂፕሰም ልስንና ሰሌዳ ግን ውሃ ሲነካው ይላሽቃል፣ ተነቅሎ ይጣላል። የኦክ እንጨትም ቀስ ብሎ ከደረቀ ከብዙ ጎርፍ ይተርፋል፤ በማሞቂያ ሲያጣድፉት ግን ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። ስለዚህ አሮጌ ቤት የሚጠግን ባለሙያ ሲሚንቶና ጂፕሰም ትቶ ወደ ኖራ ይመለሳል። የኤሌክትሪክ ሶኬቱን ከወለሉ ከፍ አድርጎ ይሰቅላል፤ ምንጣፍ ትቶ ድንጋይ ያነጥፋል፤ በበሩ ላይ ጎርፍ ሲመጣ የሚገጠም መዝጊያ ያዘጋጃል። በቸርች ስትሪት የገዳሙ መነኮሳት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለኪራይ ያሠሯቸው ተከታታይ ትንንሽ ሱቆች አሁንም ቆመዋል። አንዱ በጥንት ይዞታው ታድሶ ይጎበኛል፤ የመስኮቱ መዝጊያ ወደ ውጭ ሲዘረጋ የሸቀጥ መደርደሪያ ይሆናል።

እነዚህ ቤቶች እስከ ዛሬ የቆዩበት ሌላም ምክንያት አለ። ከበርሚንግሃም ወደ ግሎስተር የሚወስደው የባቡር ሐዲድ በ1840 ሲከፈት ቲውክስበሪን ትቶ በአሽቸርች በኩል አለፈ። ትልልቅ ፋብሪካዎች ወደ ሌሎች ከተሞች ሄዱ፤ የወንዝ ንግዱም እየከሳ መጣ። አሮጌውን አፍርሶ በአዲስ የሚተካ ገንዘብ አልነበረም። በዚያ ዘመን ለነዋሪው ይህ ችግር ነበር፤ ዛሬ ሰው ከሩቅ መጥቶ የሚያየው ያ ዘመን ሳያፈርሰው የቀረውን ነው።

በ453 ፓውንድ የተገዛ ቤተ ክርስቲያን

ታላቁ ቤተ ክርስቲያን በፊት የቤኔዲክት መነኮሳት ገዳም ነበር። ግንባታው በ1102 ተጀምሮ በ1121 ተባረከ። ድንጋዩ የመጣው ከፈረንሳይ፣ ከኖርማንዲ ካን አካባቢ ነው፤ በመርከብ ባሕሩን ተሻግሮ በሴቨርን ሽቅብ ተጎትቶ ደረሰ። ይህን ያህል ድንጋይ በዚያ ዘመን መንገድ ማጓጓዝ የማይታሰብ ስለነበር፣ ወንዙ ባይኖር ቤተ ክርስቲያኑም በዚህ መልክ አይኖርም ነበር። ግንቡ 45 ሜትር ያህል ይነሣል፤ ውስጡን 14 ግዙፍ ክብ ዓምዶች ተሸክመውታል። በምዕራቡ ፊት ያለው ባለ ብዙ ድርብ ቅስት 20 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ከሥሩ ቆሞ ማየት ነው እንጂ በቃል አይነገርም።

ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ የእንግሊዝን ገዳማት ሁሉ ሲዘጉ ቲውክስበሪ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ሆኖ በጃንዋሪ 1540 ተዘጋ። በሌሎች ቦታዎች የጣሪያው እርሳስ ተገፍፎ፣ ደወሉ ቀልጦ፣ ድንጋዩ ለቤት መሥሪያ ተወስዶ፣ ዛሬ የሚታየው ፍርስራሽ ነው። የቲውክስበሪ ሕዝብ ግን «ይህ የእኛ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ነው» ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ባዶ ቃል አልነበረም፤ ሕዝቡ ከድሮም ጀምሮ በሕንጻው አንድ ክፍል ይጸልይ ነበር። በመጨረሻም የደወሎቹና የጣሪያው እርሳስ ዋጋ ተገምቶ 453 ፓውንድ ለንጉሡ ከፍሎ ሕንጻውን ገዛ። የመነኮሳቱ መኖሪያ ፈረሰ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ቀረ። ከዚህች ከተማ ታሪክ ሁሉ ልቤን የሚነካው ይህ ነው። ነጋዴና አንጥረኛ፣ ቆዳ ፋቂና ጀልባ ቀዛፊ የሚኖሩባት ትንሽ ከተማ የካቴድራል ያህል የሚሆን ሕንጻ ገዝታ እስከ ዛሬ ትጠግናለች። መግቢያው በነጻ ነው፤ የምትችሉትን በሣጥኑ ውስጥ ጣሉ።

ወንዙ የወሰነው ጦርነት

በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሁለት የንጉሣዊ ቤተሰብ ቅርንጫፎች፣ ላንካስተርና ዮርክ፣ በዙፋን ተጣልተው አገሩን ለሠላሳ ዓመት ያህል አመሱት። በኤፕሪል 1471 የላንካስተሯ ንግሥት ማርጋሬት ከልጇ ከልዑል ኤድዋርድ ጋር ከፈረንሳይ ተመልሳ በደቡብ እንግሊዝ ወደብ ወረደች። ዕቅዷ ሴቨርንን ተሻግራ ዌልስ ውስጥ ካሉ ደጋፊዎቿ ጋር መቀላቀል ነበር። የዮርኩ ንጉሥ ኤድዋርድ አራተኛም ይህን አውቆ እግር በእግር ተከተላት።

ሜይ 3 ቀን ግሎስተር ደርሳ ድልድዩን ልትሻገር ስትል የከተማው በር ተዘጋባት። ወንዙ ሰፊ ነው፤ ድልድይ እንደ ልብ አይገኝም። ቀጣዩን መሻገሪያ ፍለጋ ሠራዊቷ በሙቀት ወደ ቲውክስበሪ ገሰገሰ። ማታ ሲደርስ ሰውም ፈረስም ዝሎ ነበር፤ ከጀርባ ጠላት እየቀረበ ወንዝ መሻገር ደግሞ ራስን ለጥፋት ማጋለጥ ነው። በማግሥቱ ሜይ 4 ቀን ከገዳሙ በስተደቡብ ባለው መስክ ተዋጉና ላንካስተሮች ተሸነፉ። የሸሹት ውሃው ዘጋቸው፤ ብዙ ሰው ያለቀበት መስክ እስከ ዛሬ «የደም መስክ» ይባላል። የ17 ዓመቱ ልዑል ተገደለ። ገዳሙ ውስጥ ገብተው የተማጠኑ መኳንንትም ተይዘው ከሁለት ቀን በኋላ በከተማው መሐል አንገታቸውን ተሰየፉ። ቤተ ክርስቲያኑ ደም ስለፈሰሰበት እንደገና መባረክ ነበረበት።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሦስት ነገር ፈልጉ። ከግንቡ ሥር ወለሉ ላይ ያለው የነሐስ ጽሑፍ የልዑሉን መቃብር ያመለክታል። ቀና ስትሉ ጣሪያው ላይ የሚያበሩት ወርቃማ ፀሐዮች የዮርኮች ዓርማ ናቸው፤ አሸናፊው ምልክቱን ከተሸናፊው መቃብር በላይ ሰቀለ። በዕቃ ቤቱ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ የተመታው ብረት ደግሞ ከጦር ሜዳ የተሰበሰበ የጥሩር ቁራጭ ነው።

ለመሄድ ስታስቡ

ከለንደን ፓዲንግተን ጣቢያ ወደ ቸልተናም ባቡር አለ፤ ከቸልተናም አውቶቡስ ወደ ቲውክስበሪ መሐል ያደርሳል። በባቡር አሽቸርች ጣቢያ የሚወርድ ሰው ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። ለመስኩ ከሜይ እስከ ጁን ያለውን ጊዜ እመርጣለሁ፤ ሣሩ ሳይታጨድ አበባው ይታያል። በጁላይ በጦርነቱ መታሰቢያነት የመካከለኛው ዘመን ፌስቲቫል ይካሄዳል፤ ከተማዋ ያን ጊዜ ትጨናነቃለች። የቲውክስበሪ ሰናፍጭም በሼክስፒር ዘመን የታወቀ ስለነበር በአንዱ ተውኔቱ ተጠቅሷል። የእኛን ሰናፍጭ የለመደ ሰው ቢቀምሰው ደስ ይለዋል።

ከኖቬምበር እስከ ማርች ለምትሄዱ የመንግሥቱን የጎርፍ ማስታወቂያ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። ማስታወቂያው ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው «ተዘጋጁ» ይላል፤ መስኩና ዝቅተኛ መንገዶች ሊሸፈኑ ይችላሉ፣ የከተማው ሱቆችና ቤተ ክርስቲያኑ ግን በአብዛኛው ክፍት ናቸው። ሁለተኛው ጎርፍ ወደ ቤቶች እንደሚገባ የሚያስጠነቅቅ ነው፤ ያን ቀን ጉዞውን ተዉት። ሦስተኛው ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። ውሃ የሸፈነውን መንገድ በመኪና ለመሻገር ፈጽሞ አትሞክሩ፤ ጥልቀቱ ከላይ አይታወቅም።

ጊዜ ካላችሁ ወደ ሰሜን ወጣ ብላችሁ መሐንዲሱ ቶማስ ቴልፎርድ የነደፈውን፣ በ1826 የተከፈተውን የማይዝ የብረት ድልድይ እዩ፤ 52 ሜትር ያህል በአንድ ቅስት ወንዙን ይሻገራል፣ አሁንም መኪና ያልፍበታል። ከዚያ ተመልሳችሁ የወፍጮውን ድልድይ አልፋችሁ ሴቨርን ሃም ላይ ተራመዱ፤ ወደ ኋላ ስትዞሩ ግንቡ ከጣሪያዎቹ በላይ ይታያል። የመጨረሻውን ሰዓት ግን ከቤተ ክርስቲያኑ በስተደቡብ ምዕራብ ወደ ሎወር ሎድ ለሚወስደው መንገድ አስቀሩት። በእግር ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ንግሥቲቱ ልትሻገርበት ያሰበችው መሻገሪያ እዚያ ነበር። ወንዙ ሰፊና ዝምተኛ ነው፤ ማዶው ቅርብ ይመስላል። በዚያ ቦታ ዛሬም ድልድይ የለም።